የአፍ ሻጋታ፤ እየዳነ ለሚመለስ የአፍ ቁስል አንዱ ምክንያት

በካፋ ምድር ዝናብ ይበዛል። በዋጫና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ጫማ ከአልጋ ሥር ለጥቂት ሳምንት ቢረሳ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ይለብሳል፤ በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ የተከተተ ቡና ይሻግታል፤ የቆጮ ጉድጓድም ክዳኑ ላልቶ አየር ቢገባው የላይኛው ክፍል መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ለዚህ አገር ሰው ሻጋታ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻንም። በዚህች ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ከሻጋታ ወገን የሆነ አንድ ረቂቅ ፍጥረት በሰው አፍ ውስጥም እንደሚኖር፣ ጊዜ ሲያገኝም አፍን እንደሚያቆስል፣ ሕመሙም ሳይታወቅ በመቅረቱ በብዙ ቤት ሕፃናት ያለ ጥፋታቸው እንደሚጎዱ ነው።

ይህን ሕመም ሐኪሞች የአፍ ፈንገስ ይሉታል። በራሱ ሲታይ ቀላል ሕመም ነው፤ መድኃኒቱም ውድ አይደለም። የሚያስፈራው በስሕተት የሚደረግለት «ሕክምና» ነው። ደግሞም በአዋቂ ሰው አፍ ላይ ሲታይ ከበስተጀርባው ሌላ ትልቅ ሕመም ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በብዙ ቤት የሚታይ ነገር

እንዲህ እንበል። አንዲት እናት የሁለት ወር ልጅ አላት። ልጁ እስከ ትናንት ደኅና ይጠባ ነበር፤ ዛሬ ግን ጡቱን ጎረስ ያደርግና ወዲያው ለቅቆ ያለቅሳል። እናቲቱ አፉን ከፈት አድርጋ ብታይ ምላሱ ላይ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር አለ። «ወተት ይሆናል» ብላ ታልፈዋለች። በሦስተኛው ቀን አያቲቱ «ይሄማ እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ቶሎ ካልተቆረጠ ያንቀዋል» ይላሉ። ጎረቤትም አንድ እጀ ቀላል የተባለ ቆራጭ ይጠቁማል።

በዚህ መካከል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ትላለች።

«እማማ፣ እስቲ ልጁን ወደ ብርሃኑ ይያዙልኝ» ትላለች።

«ልጄ፣ እኛ ስንት ልጅ አሳደግን፤ ያልተቆረጠ ማን ነበር?» ይላሉ አያቲቱ።

«ማሳደጉንስ አሳድገዋል እማማ። ግን አሁን ይመልከቱት፤ እንጥሉ ከቦታው ነው፣ አላበጠም። የቆሰለው ምላሱና ጉንጩ ነው። ይህ ነጭ ነገር ወተት ቢሆን በጨርቅ ሲጠረግ ይለቅ ነበር፤ ይኸው አይለቅም። ልጁ መጥባት የጠላው አፉ ስለሚያቃጥለው ነው።»

አያቲቱ ጎንበስ ብለው አዩ። እውነትም እንጥሉ ጤነኛ ነበር። ያ ልጅ ሳይቆረጥ ቀረ፤ በጠብታ መድኃኒት በጥቂት ቀን ውስጥ መጥባት ጀመረ።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው አያቶችን ለመንቀፍ አይደለም። ልጁ መታመሙን ያወቁት፣ መፍትሔም እንዲፈለግ የተጣደፉት እሳቸው ናቸው። የጎደለው ሕመሙን ከሕመም መለየት ብቻ ነው። እሱንም ማንም ሰው በቤቱ ሊማረው ይችላል።

ይህ ፍጥረት ምንድን ነው?

የአፍ ፈንገስን በብዛት የሚያመጣው ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባል ዘር ነው። ይህ ፍጥረት ለእንጀራ ሊጥ፣ ለጠላና ለጠጅ መፍላት ምክንያት ለሚሆነው እርሾ የሩቅ ዘመዱ ነው። አንዱ ብቻውን በዓይን አይታይም፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ ወደ 200 ያህሉ ጎን ለጎን ሊሰለፉ ይችላሉ። በምላስ ላይ ነጭ ሆኖ የምናየው እጅግ ብዙ ሆነው ሲከማቹ፣ ከሞተው የአፍ ልባጭ ጋር ተደባልቀው ነው።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ካንዲዳ ከውጭ ዘሎ የሚገባ ጠላት ብቻ አይደለም። ከጤነኞች ሰዎች ከሦስቱ ባንዱ አፍ ውስጥ፣ ምናልባትም ከዚያ በሚበዙት፣ ምንም ሳይጎዳ ተቀምጦ ይገኛል። በአንጀትና በሴት ብልትም እንዲሁ ይኖራል። እንዲያው በአንድ ግቢ እንደሚኖር ጭሰኛ ያለ ነው፤ ባለቤቱ ብርቱ ሲሆን አርፎ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሲደክም ግቢውን ሁሉ የኔ ነው ይላል። ጠባቂዎቹም ሦስት ናቸው፤ አንደኛው የሰውነት የመከላከል ኃይል፣ ሁለተኛው አፍን ዘወትር የሚያጥበው ምራቅ፣ ሦስተኛው በአፍ ውስጥ የሚኖሩት ሌሎች ደግ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሻጋታው ይነሣል።

በቤታችን ግድግዳና በጫማ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ሌላ ዘር ነው። የቤት እርጥበት ለሳንባ ጥሩ ባይሆንም፣ ይህን የአፍ ሕመም የሚያመጣው እሱ አይደለም።

ሕመሙ ከጥንት የታወቀ ነው። የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራተስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በደከሙ ሰዎች አፍ ላይ የሚታየውን ቁስል ጠቅሶታል። ነገር ግን ምክንያቱ ፈንገስ መሆኑ የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ላንገንቤክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በአንድ የታይፎይድ በሽተኛ ላይ ፈንገሱን አየ፤ በ1846 ደግሞ በርግ የተባለው የስዊድን ሐኪም በስቶክሆልም በሕፃናት ላይ ያደረገውን ጥናት በመጽሐፍ አወጣ። መድኃኒቱ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ1950 ኤልሳቤጥ ሄዘንና ራሔል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች ከአፈር በተገኘ ረቂቅ ፍጥረት አማካይነት ፈንገስን የሚገድል መድኃኒት አገኙ። ይሠሩ የነበረው በኒው ዮርክ ስቴት የጤና መሥሪያ ቤት ስለ ነበር መድኃኒቱን በዚያው ስም «ኒስታቲን» አሉት። ዛሬም በየጤና ጣቢያው ለሕፃናት የሚሰጠው ጠብታ ይኸው ነው።

ሕመሙ ምን ይመስላል?

የአፍ ፈንገስ መልኩ አንድ ብቻ አይደለም። በሦስት ዓይነት ይታያል።

አንደኛው ነጩ ነው። በምላስ፣ በጉንጭ ውስጥ፣ በላንቃና በድድ ላይ እርጎ የተረጨ መስሎ ይወጣል። በሕፃናት በብዛት የሚታየው ይህ ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ በጣት ጠምጥሞና በፈላ ቀዝቃዛ ውኃ አርሶ ቀስ ብሎ መንካት ነው። ወተት ከሆነ ወዲያው ይለቃል፤ ከሥሩም ምላሱ ደኅና ነው። ፈንገስ ከሆነ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ቢለቅም ከሥሩ ቀልቶ ይታያል፣ አንዳንዴም ደም ነጠብ ይላል። ሕፃኑ ጡት ብቻ ሲጠባ ምላሱ ላይ ስስ ነጭ ቢታይ፣ ሌላው የአፉ ክፍል ንጹሕ ከሆነና ደኅና የሚጠባ ከሆነ የወተት ነገር ነውና አያስደነግጥም።

ሁለተኛው ቀዩ ነው። ነጭ ነገር ሳይኖረው ምላስ ወይም ላንቃ ይቀላል፣ ይለሰልሳል፣ በርበሬ ሲነካው ያቃጥላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሌት ተቀን ሳያወልቁ በሚያደርጉ ሰዎች ከጥርሱ ሥር ይታያል፤ ብዙ ቀን የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በወሰዱትም ላይ እንዲሁ።

ሦስተኛው የአፍ ጥግ መሰንጠቅ ነው። ከንፈርና ከንፈር በሚገናኙበት ጥግ ላይ ይቆስላል፣ ሲያዛጉ ይሰነጠቃል፣ ይድንና ይመለሳል። ለዚህ ፈንገስ ብቻውን ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ የደም ማነስና የቫይታሚን እጥረትም መንገድ ይከፍቱለታል።

እንጥል መቁረጥ ለምን አይረዳም?

እንጥል ከላንቃ በስተኋላ የተንጠለጠለች ጤነኛ አካል ናት። ስንውጥ ምግብና መጠጥ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ለመዝጋት ትረዳለች። የአፍ ፈንገስ በሽተኛ እንጥሉ ቢቆረጥ ፈንገሱ ካለበት ከምላስና ከጉንጭ ላይ አይነቀልም። እንዲያውም በቆሰለ አፍ ላይ ሌላ ቁስል ይጨመራል። ግግ መቧጠጥም፣ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ከድድ ፈልቅቆ ማውጣትም እንደዚሁ ናቸው።

ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። የሕፃን ደም ጥቂት ነውና ትንሽ የሚመስል መድማት ሊገድለው ይችላል። ንጹሕ ያልሆነ ምላጭና ጥፍር መግል የሚያመጣ ባክቴሪያ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት ቫይረስና ኤች.አይ.ቪ. ሊያስገቡ ይችላሉ። ልጁም ከመጀመሪያው ይልቅ ስለሚያመው ጭራሽ መጥባት ያቆማል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በሕፃናት አካል ላይ በጎጂ ልማድ ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል። እኛ ግን ሰው ሕግ ፈርቶ ሳይሆን ነገሩ ገብቶት እንዲተወው እንመኛለን።

በአዋቂ ሰው ላይ ለምን ይመላለሳል?

በሕፃን ላይ ፈንገስ ቢታይ የመከላከል ኃይሉ ገና ስላልጠነከረ ነው እንላለን። አዋቂ ሰው ላይ ሲታይ ግን «ለምን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። መድኃኒት እየወሰዱ የሚድን፣ ሲያቆሙ የሚመለስ የአፍ ፈንገስ፣ በር ተከፍቶ ላም እንደማባረር ነው፤ በሩ ካልተዘጋ ትመለሳለች። በር የሚከፍቱትን ዋና ዋናዎቹን እንዘርዝር።

በመጀመሪያ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ አግባብ መውሰድ ነው። አንዳንድ ሰው አፉ ሲቆስል ከሱቅ ወይም ከጎረቤት እንክብል ይገዛል፤ ይባስ ብሎም እንክብሉን ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። ይህ መድኃኒት ባክቴሪያን እንጂ ፈንገስን አይገድልም። ፈንገሱን ያፍኑ የነበሩትን ደግ ባክቴሪያዎች ስለሚጨርስ ሜዳውን ይለቅለታል። ቁስሉም ይብሳል፤ ሰውየውም «መድኃኒቱ አነሰኝ» ብሎ ይጨምራል።

ሁለተኛው የስኳር በሽታ ነው። ውኃ ቶሎ ቶሎ የሚያስጠማው፣ ሽንት የሚያመላልሰው፣ እየበላ የሚከሳ ሰው አፉ በፈንገስ ቢያዝ ደሙን ማስመርመር ይገባዋል።

ሦስተኛው ለአስም ወደ ውስጥ የሚሳበው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን መተው አያስፈልግም፤ ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት ይበቃል።

አራተኛው የምግብ እጥረት፣ የደም ማነስ፣ የአፍ መድረቅና ሲጋራ ማጨስ ናቸው።

አምስተኛውን በግልጽ እንናገረዋለን። ከአፍ የማይጠፋ ፈንገስ ኤች.አይ.ቪ. የመከላከል ኃይልን እያዳከመ ለመሆኑ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ይህ ማለት አፉ ነጭ የሆነ ሰው ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም፤ ከላይ የጠቀስናቸው ሌሎች ምክንያቶች አሉና። ጎረቤት አፍ አይቶ የሚፈርድበት ነገርም አይደለም። ቁርጡን የሚናገረው የደም ምርመራ ብቻ ነው። በአገራችን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ መድኃኒቱን በሥርዓቱ የሚወስድ ሰው የመከላከል ኃይሉ ሲመለስ የአፉም ፈንገስ አብሮ ይለቀዋል። ስለዚህ በጊዜ መመርመር የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያድን ነው።

የአፍ ቁስል ሁሉ ፈንገስ አይደለም

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው የአፍ ቁስል ባየ ቁጥር «ፈንገስ ነው» እንዳይል እንፈራለን። ስለዚህ ልዩነቱን ባጭሩ እንግለጽ።

በከንፈር ውስጥ ወይም በጉንጭ ላይ ክብና ትንሽ ሆኖ፣ መካከሉ ነጣ ወይም ቢጫ ብሎ፣ ዙሪያው ቀልቶ የሚወጣው ቁስል በብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው። ሲነካ በጣም ያማል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ራሱ ይድናል። ፈንገስ አያመጣውም። የፈንገስ መድኃኒትም አይረዳውም።

ሕዝባችን «ምች መታኝ» የሚለው፣ በከንፈር ዳር ውኃ ያዘለ ሽፍታ ሆኖ የሚወጣው ሄርፐስ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ለዚህ ዳማከሴ የሚጠቀም ብዙ ነው። በዚህም ቢሆን ፈንገስ የለበትም።

የተሰበረ ጥርስ ጉንጭን እየፋቀ ቢያቆስል ጥርሱ ካልተስተካከለ ቁስሉ አይድንም።

ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ግን፣ ቢያምም ባያምም፣ በሐኪም መታየት አለበት። የአፍ ካንሰር፣ የሳንባ ነቀርሳና ቂጥኝ አንዳንድ ጊዜ በአፍ ቁስል ይታወቃሉ። ከፈንገስም ወገን ሂስቶፕላዝማ የሚባል ሌላ ዘር አለ፤ የሌሊት ወፍና የአእዋፍ ኩስ በበዛበት አፈር፣ በዋሻም ውስጥ ይኖራል። ከአቧራ ጋር ወደ ሳንባ ይገባና የመከላከል ኃይሉ በደከመ ሰው ላይ ወደ ሰውነት ተሠራጭቶ አፍን በጥልቅ ሊያቆስል ይችላል። ትኩሳትና ክሳት አብረውት ይመጣሉ። ይህን ከካንሰር ለመለየት ከቁስሉ ትንሽ ቆርጦ በላቦራቶሪ ማየት ያሻል፤ በዓይን ብቻ አይለይም።

ሕክምናው

ለሕፃን የሚሰጠው የኒስታቲን ጠብታ ነው። የጤና ባለሙያ ሌላ መጠን ካላዘዘ በቀር 1 ሚሊ ሊትር በቀን 4 ጊዜ ለ7 ቀን ይሰጣል። አሰጣጡ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ቀጥሎ ለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ በጣት ተጠምጥሞ፣ ጨው ጣል በተደረገበት በፈላ ቀዝቃዛ ውኃ ረጥቦ፣ አፉ ቀስ ተብሎ ይጸዳል። ነጩን ነገር በግድ መፋቅ አይገባም። ከዚያ ጠብታው ግማሹ በአንደኛው፣ ግማሹ በሌላው ጉንጭ ውስጥ ይደረጋል፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ቁስሉን ሲነካ ነውና። ከጠብታው በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ልጁ አይጠባም፤ ያለበለዚያ ወተቱ መድኃኒቱን አጥቦ ይወስደዋል። ነጩ በሦስተኛው ቀን ቢጠፋም 7ቱ ቀን ይሞላል። ብዙ ቤት ሕመሙ የሚመለሰው «ዳነ» ተብሎ በመሀል በማቆም ነው።

እናቲቱም መታየት አለባት። የጡቷ ጫፍ ቀልቶ፣ እያብለጨለጨ፣ ካጠባች በኋላ የሚያቃጥላት ከሆነ ፈንገሱ እሷም ጋ አለ። ልጁ ብቻ ቢታከም ከእናቱ፣ እናቲቱ ብቻ ብትታከም ከልጁ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ይታከማሉ። ጡት ማጥባቱን ግን ማቆም አያስፈልግም።

ቀድሞ ጄንሽን ቫዮሌት የሚባለው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት በሰፊው ይቀባ ነበር። ይህ መድኃኒት ሲበረታ የሕፃን አፍ ያቆስላል። ባለሙያ መጠኑን ለክቶ ካልሰጠ በቀር ከቤት ያለውን አንሥቶ መቀባት አይገባም።

የካፋ ማር የታወቀ ነው፤ ለአፍ ቁስልም መድኃኒት ነው እየተባለ ይቀባል። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ልጅ ግን ማር በምንም ምክንያት አይሰጥም። ማር ውስጥ አንዳንዴ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት በቅሎ ሰውነትን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫልና።

ለአዋቂ በአፍ የሚያዝ ወይም የሚዋጥ መድኃኒት ሐኪሙ ያዛል። የሚዋጠው መድኃኒት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማማ፣ ለነፍሰ ጡርም ስለማይሆን፣ ከሰው ተቀብሎ መዋጥ አደገኛ ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

1. ከማጥባት፣ ሕፃን ከማጉረስና አፉን ከመንካት በፊት፣ ደግሞም ሽንት ጨርቅ ከለወጡ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ።

2. ልጁን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ መስጠት። ቅቤ ማላስ፣ ውኃና ሻይ ማጠጣት ለዚህ ዕድሜ አያስፈልግም፤ ለጀርም በር ይከፍታል።

3. ምግብ በራስ አፍ አላምጦ ለልጅ አለማጉረስ። በአዋቂ አፍ ያለው ሁሉ ወደ ልጁ ይተላለፋልና። በማንኪያ አድቅቆ መስጠት ይሻላል።

4. ጡጦን መተው፣ በኩባያና በማንኪያ ማጠጣት። የጡጦ ጎማ ውስጡ ስለማይታይ በደንብ አይታጠብም። የግድ ከሆነ ግን ጡጦውና ጎማው በሳሙና ታጥበው በየቀኑ በውኃ ይቀቀሉ። ውኃው መፍላት ከጀመረ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይ።

5. የልጁ ሽንት ጨርቅ ሲረጥብ ቶሎ መለወጥ፣ ማጠብ፣ በፀሐይ ማድረቅ። በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ እሳት ዳር በደንብ ይድረቅ እንጂ እርጥቡ አይታሰር። ይኸው ካንዲዳ በመቀመጫው ላይ ቀይ ሽፍታ ያወጣል።

6. ጥርስን በቀን 2 ጊዜ መፋቅ። መፋቂያ የሚጠቀም ሰው በየጊዜው አዲስ ይቁረጥ፤ ለሌላ ሰውም አያውስ። የጥርስ ብሩሽም እንዲሁ የየራስ ነው።

7. ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ማታ አውልቆ በብሩሽና በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ያሳድረው። ድድም ሌሊት ያርፋል።

8. የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ትእዛዝ አለመግዛት፣ የተረፈውንም ለሌላ ጊዜ አለማስቀመጥ።

9. ጎመን፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ወተት ቤት ባፈራው መጠን ከቆጮው ጋር ማቅረብ። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፤ ሰውነት የሚገነባው ነገር ግን በውስጡ ጥቂት ነውና ማባያው ማባያ ብቻ ተደርጎ አይታይ።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል?

ሕፃን መጥባት ካቆመ፣ ካተኮሰ ወይም ከፈዘዘ በዚያው ቀን ይወሰድ፤ ነገ ይሻለዋል አይባልም። በጠብታው 7 ቀን ሞልቶት ካልዳነ፣ ወይም ከ2 ወር ዕድሜ በኋላ እየተመላለሰ ካስቸገረው እናትና ልጅ አብረው ይመርመሩ። አዋቂ ሰው ምግብ ሲውጥ ደረቱ ውስጥ የሚያመውና የሚተናነቀው ከሆነ፣ ፈንገሱ ወደ ምግብ መውረጃው ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታይ። ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ ቁስልም እንዳልነው ዝም አይባል።

የዋጫና የአካባቢው ሰው መጀመሪያ ወደ ቀበሌው ጤና ኬላና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የአፍ ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ታይቶ መፍትሔ ያገኛል። ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ቦንጋ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ የላቦራቶሪ ጥልቅ ምርመራ ሲያሻም ወደ ጅማ ይላካል። ሲሄዱ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ዕቃውንም ቢሆን ይዘው ይሂዱ፤ የተቀባውንና የተጠጣውን የአገር መድኃኒትም ሳያፍሩ ይንገሩ። ሐኪም የማይታወቀውን ነገር ከበሽተኛው አፍ ነው የሚሰማው።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። ልጅ መጥባት ሲጠላ ምላጭ ከመፈለግ በፊት አፉን በብርሃን እንይ። ነጩን ነገር በጨርቅ ነክተን እንለይ። በአዋቂ አፍ ላይ ሲመላለስ ደግሞ መልክተኛውን ብቻ አባርረን አንቀመጥ፤ ማን እንደ ላከው እንጠይቅ። ይህን ያነበበ፣ ለማያነበው ጎረቤቱ፣ ከሁሉም ይልቅ ለቤቱ አያት ያንብብላቸው። በቤት ውስጥ ቃላቸው የሚሰማው እሳቸው ናቸውና፣ እሳቸው «አይቆረጥም» ካሉ ልጁ አይቆረጥም።